የማያለቅሱ ሕፃናት

ጥቅምት 12

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን እያማረረች፣ አንተን እያነሳች አለች። ስልክ እያለ ለምን እንደምጽፍልህ ሳይገርምህ አይቀርም። በነርሶች ክፍል ስልክ ያወራሁትን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ልብስ አጣቢዎቹ መልሰው ይነግሩኛል። ቤት ደግሞ ገና ሃሎ ሳልል እማዬ ቀፎውን ትነጥቀኛለች። ከቤተ ሙከራችሁ ቅቡን የሚያመላልሰው መኪና በየሳምንቱ ከመጣ፣ ሹፌሩም እንዳየሁት ጨዋ ሰው ከሆነ፣ ለእኛ ወረቀት ይሻለናል።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። አዎ፣ እውነት ነው። ሥራ አስኪያጃችን አጋኖ አልጻፈላችሁም። የጨቅላ ሕፃናት ክፍላችንን አልጋዎችና ማሞቂያ ሳጥኖች በእናንተ ጀርም ገዳይ ቅብ ከቀባን ወዲህ አንድም ሕፃን በኢንፌክሽን አልሞተብኝም። አንድም። ቃሉን ስጽፈው እንኳ ሰው እንዳይሰማኝ ዞር ብዬ አያለሁ።

አንተ ክፍሉን ድሮ አላየኸውም። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው ማን እንዳለ ሳይሆን ማን እንደጎደለ ነበር። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱት፣ ከመዳፌ ብዙም የማይበልጡት፣ ደህና ጠብተው ያመሹት ልጆች ሲነጋ ቆዳቸው ተዥጎርጉሮ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ አገኛቸዋለሁ። ጀርሙ መድኃኒት አይበግረውም። ከአልጋው ብረት፣ ከቱቦው፣ ከእኛው ከራሳችን እጅ አይጠፋም። ብናጥብ፣ ብንቀቅል፣ ግድግዳ ብንፈቀፍቅ ተመልሶ ይመጣል። ነፍሰ ጡሮች በኮሪደሩ ሲያልፉ በራችንን ላለማየት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

አሁን ክፍሉ ሰላም ነው። ሕፃናቱ ይተኛሉ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የሚተኙ ሕፃናት አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ዶክተራችን «ሲስተር፣ ሆቴል አደረግሽው እኮ» እያለ ይቀልድብኛል። እጅ መታጠብ ትታችሁ እንዳይሆን ያልከውን ግን እንደ ስድብ ነው የቆጠርኩት። አልተውንም፤ አንተው መጥተህ ጥፍሬን እይ።

ስለ ትንሿ ጠይቀሃል። ታናሻችን እርግዝናው ተስማምቷት አይመስለኝም፤ እግሯ ያብጣል፤ ባሏም ለሥራ እንደራቀ ነው። ቢሆንም ትስቃለች፣ ትበላለች። ለመውለድ ገና ብዙ ይቀራታል። እዚሁ እኔ ጋ ነው የምትወልደው። «የወንድሜን አልጋ ለማየት ቸኩያለሁ» ትላለች።

እግዜር ያክብርልኝ። የስንቱን እናት ምርቃት በአንተ ስም ተቀብያለሁ መሰለህ።

እህትህ


ጥቅምት 20

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አለቃዬ ሳያየኝ መስኮቱ ሥር ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ። ለእማዬ ጉልበት የሚታሸት ቅባት ከሹፌሩ ጋር ልኬላታለሁ፤ እንዳትቆጥበው።

ኮምፒውተራችን ይህን ቅብ እንዴት አሰበው ሳትዪ አትቀሪም። አያስብም፣ እትዬ። የዓለምን የብረታ ብረት ሙከራ ውጤት ሁሉ አበላነው። ከዚያ፣ ጀርሙን የሚገድል፣ ሰውን የማይጎዳ ውህድ አምጣ አልነው። እኔ የዕድሜ ልኬን ብሠራ የማልደርስበትን ያህል ውህድ አበጥሮ አንዱን አወጣልን፤ ከብር፣ ከመዳብና ከሌላ ሦስተኛ ዓይነት ብረት። ሦስተኛውን እኛ ብንሆን አንነካውም ነበር። ደም ውስጥ ከገባ አንጎል ላይ የሚቀመጥ ብረት ነው። እኔም ይህን ለአለቃዬ ተናግሬ ነበር። ሳቀብኝ። «ከቅቡ አይለቅም፣ በቆዳም አያልፍም። ማሽኑ ይህን ከአንተ ይልቅ ያውቃል» አለኝ። ለካነው። ልክ ሆነ። በውሃም በላብም አይለቅም።

ስለዚህ አትስጊ። የሚያሰጋ ነገር አለ ማለቴ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ። ሕፃናቱ ይተኛሉ ብለሻል። በቀን ውስጥ ምን ያህል ነቅተው ይቆያሉ? ሲርባቸው ያለቅሳሉ? መርፌ ስትወጓቸውስ? ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን አንቺን ነው የምጠይቀው፤ መልሱንም ለኔ ብቻ። እንዲያው ነው።

ለትንሿ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ተኝታ ታሳልፍ፤ ከባድ ነገር አታንሳ።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ወንድሜ፣

«እንዲያው ነው» ትላለህ። ልጅ ሆነህ ብርጭቆ ስትሰብርም «ምንድን ነው የሰማሁት?» ስልህ «እንዲያው ነው» ነበር መልስህ። እስኪ ይሁን፤ ጥያቄህን ልመልስ።

አያለቅሱም። ካልጠየቅኸኝ ልብ አልለውም ነበር። በፊት ያን ክፍል ራስ ምታት ይዞኝ ነበር የምወጣው። አሁን የሳጥኖቹ ሞተር ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ደም ለመውሰድ ተረከዛቸውን ስወጋ ፊታቸው ይጨማደዳል፣ አፋቸው ይከፈታል፤ ድምፅ ግን የለም። አንዳንዱ እንደ ሽማግሌ ይተነፍስና መልሶ ይተኛል።

ትናንት አንዲት ልብስ ሰፊ፣ መንታ ወልዳ ከእኛ ጋር የሰነበተች፣ ጎተት አድርጋ ይዛኝ፣

«ሲስተር፣ ልጆቼ አይቆጡኝም» አለችኝ።

«እንዴት አይቆጡሽም?»

«ጡቴን ከአፋቸው ስነጥቃቸው አይቆጡም። ትልቁ ልጄ እኮ ቤቱን ያናጋው ነበር።»

ጨዋ ስለሆኑ ነው ብዬ አሳቅኋት። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሌላም ልጨምርልህ። ጀርባቸውን ስጠርግ ጥጡ ግራጫ ይሆናል። ድዳቸው ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጠቆር ያለ መስመር አይቻለሁ፤ በአንዱ አይደለም፣ በብዙዎቹ። ለሽማግሌው ዶክተር አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ አየና፣ «በድሮው ጊዜ ይህን ለማየት የሚደርሱት ስንቶቹ ነበሩ? ዝምታ ከሬሳ ሳጥን ይሻላል፤ አመስግኚ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ስለቀበረ ነው።

መቼም ሰው ላይ ከመዋሉ በፊት አይጦች ላይ ሞክራችሁታል። አይጦቹ እንዴት ናቸው? ይህንንም እንዲያው ነው የምጠይቅህ።

ትንሿ ደህና ናት። ስለሷ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ። አሁን ተራዬ ደርሶ ይጠሩኛል።

እህትህ


ኅዳር 17

እትዬ፣

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። አላመመኝም። አለቃዬ በቅርቡ ትልቅ ጉባኤ ላይ ስለ ክፍላችሁ ንግግር ያደርጋል፤ የሚያሳየውን ሥዕልና ቁጥር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሌሎች ሆስፒታሎችም ቅቡን እየጠየቁ ነው። ለአንዳንዶቹ ተልኳል።

የምልሽን ለምን ሳትዪኝ አድርጊልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የማንም ሕፃን ገላ ቅቡን አይንካ። ወፍራም አንሶላ ደራርባችሁ አንጥፉ። ግራጫ የሆነውን ጥጥ አትጣይው፤ በንጹሕ ብልቃጥ አድርገሽ ላኪልኝ። ሕፃናቱን የምትቀቧቸው ነገር ካለ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። ለሥራ አስኪያጁ ለጊዜው ምንም አትንገሪው፤ ገና እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ይዞ ወደ አለቃዬ ቢደውል በሩ ይዘጋብኛል።

ስለ አይጦቹ አሁን ልጽፍልሽ አልችልም። አትቀየሚኝ።

አንቺስ ስለ ትንሿ ለምን አትጽፊልኝም? እማዬ ጋ ደውዬ ነበር። «ደህና ናት፣ ደህና ናት» ብላ ስለ ጎረቤት አጥር ታወራኝ ጀመር። እማዬ አንድ ነገር ሁለቴ ስትደግም ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 22

የሱፍ ዘይት ነው።

ሰላምታውን የዘለልኩት ተናድጄ ስለሆነ ነው። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ልጆች ቆዳቸው ስስ ነው፤ እንዳይሰነጠቅ፣ ሙቀታቸውም እንዳያመልጥ በየቀኑ በሱፍ ዘይት እናሻቸዋለን። ከጥንት የምንሠራው ሥራ ነው፣ ያዋጣልም። ምነው? የሱፍ ዘይት መርዝ ሆነ? ወይስ እኔ ልጅ ማሸት አላውቅበትም?

አንሶላውን አንጥፌያለሁ። ለነርሶቼ ብርዱ ስለበረታ ነው አልኳቸው። አብረውኝ ያረጁ ሴቶችን ዋሸኋቸው፤ ላንተ ብዬ። ደራርቤ ያነጠፍኩት አንሶላ ግን ሲነሳ ግራጫ ነው። ዘይቱ ያልፋል።

«አይጦቹን አሁን አልጽፍልሽም» ማለት ምን ማለት ነው? ሞቱ? ሞቱ በለኝና ልረፍ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታሸገ የበረዶ ሳጥን ይደርስሃል። ያልከኝ ጥጥና የሕፃናቱ ደም ነው። ደሙን እናቶቹን አስፈቅጄ ነው የወሰድኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳቸው፤ ሙሉውን እኔም አላውቀውምና። ብልቃጦቹ ላይ የአልጋ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ሹፌሩን መንገድ ላይ እንዳይቆም ለምኜዋለሁ፤ እሱም ልጆች አሉት፤ ምንም አልጠየቀኝም።

የስድስተኛውን አልጋ ከሁሉ አስቀድመህ እይልኝ። ለምን አትበለኝ። አንተም ለምን ስልህ አልመለስክልኝም።

እህትህ


ታኅሣሥ 1

እትዬ፣

ይህን በር ዘግተሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

ሦስተኛው ብረት በሁሉም ደም ውስጥ አለ። በአንዳንዱ ጥቂት ነው፣ በአንዳንዱ ብዙ። እንዳልሽው ስድስተኛውን አስቀደምኩ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ አጥቤ ደግሜ ለካሁት። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

ቅቡን ደረቁን ለካነው፤ በውሃ ለካነው፤ በላብ ለካነው። በዘይት አልለካነውም። ዘይት የሚል ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ማሽኑም ያልጠየቁትን አይመልስም። የላክሽውን ጥጥ ሳይ ነው የሱፍ ዘይት ጠብታ የተቀባ ብረት ላይ አድርጌ ያሳደርኩት። በማግሥቱ ጠብታው ግራጫ ሆነ። ያበላነው የሙከራ ውጤት ሁሉ ደግሞ የአዋቂ ሰው ቆዳ ነበር። የእናንተ ሕፃናት ቆዳ ገና ቆዳ አልሆነም። አንቺ በፍቅር ስታሺያቸው እኛ የሰጠንሽን መርዝ ነበር የምታስገቢው። የአንቺ ጥፋት አይደለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው።

በተቀባ ሳጥን ያኖርናቸው አይጦች አልሞቱም። ቢሞቱማ ወዲያው እናውቅ ነበር። ጤነኞች ናቸው፤ ወለዱ። ችግሩ ያለው የወለዷቸው ላይ ነው። የአይጥ ልጅ ከጎጆው ስታወጪው በቀጭኑ ይጮኻል፤ እናቱ ድምፁን ተከትላ መጥታ በአፏ ይዛ ትመልሰዋለች። እነዚህ አይጮኹም። እናትየዋ አጠገባቸው ታልፋለች፤ ስለማትሰማቸው የት እንዳሉ አታውቅም። ብርድ ላይ እንደተኙ ይቀራሉ። ይህን ያየሁት የመጀመሪያ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት ነው። ስለ እንቅልፋቸው የጠየቅሁሽ ለዚህ ነበር።

ያን ጊዜውኑ ለአለቃዬ አሳየሁት።

«የአይጥ ልጆች ናቸው» አለኝ።

«ሕፃናትም ልጆች ናቸው» አልኩት።

«ከቅቡ በፊት በዚያ ክፍል በወር ምን ያህል ይሞት ነበር?»

ነገርኩት።

«አሁንስ?»

«አንድም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ? ተነስቼ ይሙቱ ልበል?»

ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ፣ እትዬ። የጠበቅሁት እርግጠኛ እስክሆን ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ከረምኩ። አሁን እርግጠኛ ነኝ። ሕፃናቱን ከእነዚያ አልጋዎች አውጪያቸው። ቅቡን ለመፋቅ አትሞክሩ፤ ዱቄቱ ይቦናል። ክፍሉን ለቅቃችሁ ዝጉት። ሥራ አስኪያጁ ካንገራገረ ይህን ደብዳቤ አሳዪው፤ የእጄ ጽሕፈት ነው፣ አልክደውም።

የስድስተኛውን አልጋ እናት አጠገቧ ሆነሽ ንገሪያት። ለመሆኑ ስድስተኛውን ለምን አስቀደምሽ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ወንድሜ፣

ስድስተኛው አልጋ ላይ ያለችው የትንሿ ልጅ ናት።

ቀስ ብዬ የምነግርህበትን መንገድ ስፈልግ ቀናት አለፉ፤ መንገድ የለውም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ውሃዋ ድንገት ፈሰሰ። ልጅቷ ከጊዜዋ እጅግ ቀድማ መጣች። እማዬ «ሥራ ላይ ነው፣ አታስጨንቁት፤ ልጅቷ ስትጠነክር እንነግረዋለን» አለች። እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ብዙም አልፈራሁም ነበር። እንደ ድሮው ቢሆን ትንሿን ገና በራችን ላይ ሳያት አለቅስ ነበር። አሁን ግን አንተ አለህልን ብዬ ተማመንኩ። በገዛ እጄ ስድስተኛው ላይ አስተኛኋት። ከሁሉም አዲስ የተቀባው እሱ ስለነበረ መርጬላት ነው። ዘይቱንም የማሻት እኔ ነበርኩ፤ ለሌላ ነርስ አልሰጥም ብዬ።

ትንሿ ለሌሎቹ እናቶች ምን ትል እንደነበር ልንገርህ? «ይህን አልጋ የሠራው አጎቷ ነው» ትላቸዋለች። እነሱም መጥተው ብረቱን ይዳስሱታል።

እንዳልከኝ አደረግሁ። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤህን አንብቦ ወንበሩ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ጮኸብኝ፤ ቀጥሎ ራሱ ሳጥን እያነሳ አገዘን። ሕፃናቱን ወደ አሮጌው መሰብሰቢያ አዳራሽ አዛወርናቸው። ያልተቀቡ አሮጌ አልጋዎች አስገባን። ሰውነታቸውን አጥበን ዘይቱን አቆምን። ነርሶቼ ጉልበታቸው እስኪላጥ ወለል አጠቡ። የቀን ተራ የማታ ተራ የሚባል ነገር ቀረ።

ጀርሙ በሳምንቱ መጣ። ከመንታዎቹ ትንሹ ሞተ። ልብስ ሰፊዋ ሬሳውን ታቅፋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ደህና ነበሩ እኮ። ለምን አወጣሻቸው?»

ነገርኳት። ሙሉውን ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «እዚያው ቢቆይ በሕይወት ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ሳይኖር አይቀርም። «እንግዲያው ምን ቸገረሽ፣ ዝም ቢለኝ ዝም ይበለኝ» ብላ ልጁን በነጠላዋ ሸፈነችው። ሌላኛውን ይዛ ከሆስፒታሉ ወጥታለች። የት እንደሄደች አላውቅም።

ለትንሿ ግን አልነገርኳትም። ሌሎቹን እናቶች ሁሉ ሰብስቤ ስነግር እሷን ሽንት ቤት ቀለም ይቀባል፣ አየሩ ይከብድሻል ብዬ ከእማዬ ጋር ቤት ልኬያት ነበር። ስትመለስ «ለምን አዛወራችሁን?» አለችኝ። «ለጥገና» አልኳት። አመነችኝ። እህቷ ነኛ።

ልጅቷ ስም የላትም። ትንሿ ከአንተ በቀር ማንም እንዲያወጣላት አልፈለገችም። «አንቺ ጻፊለት፤ ስም ያውጣላት፤ ያዳናት እሱ ነው» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩልህ።

እኔ ለትንሿ ይህን ለመንገር አፍ የለኝም። ና። አንተ ንገራት።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

እትዬ፣

እየመጣሁ ነው። ምናልባትም ይህ ደብዳቤ ከእኔ ቀድሞ የሚደርስሽ በጥቂት ሰዓት ነው፤ የጻፍኩት ፊትሽን ሳይ ቃል እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው።

ቅቡ ወደተላከባቸው ሆስፒታሎች ሁሉ ደወልኩ። ሁለቱ አመኑኝ። አንደኛው በጽሑፍ ከአለቃህ ካልመጣ አልሰማህም አለኝ። አንዲት ሐኪም እስከ መጨረሻው አዳምጣኝ፣ «ከዚህ የባሰ ነገር እዚህ በየቀኑ አያለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። በማግሥቱ የመግቢያ ካርዴ በሩን አልከፍት አለ። ዘበኛው የምወደው ሰው ነው፤ ዓይኔን ሳያይ «ሲስተሙ ነው፣ ጌታዬ» አለኝ።

ብረቱን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት አለ። አግኝቼ ይዤዋለሁ። ለአዋቂ የሚሰጠው መጠን ይታወቃል። እሷን ለምታክል ልጅ ግን ማንም ሰጥቶ፣ ማንም ጽፎት አያውቅም። ሲያንስ አይሠራም፤ ሲበዛ ኩላሊቷን ይዞ ይሄዳል። ካርዴ ከመዘጋቱ በፊት ባለው ምሽት ማሽኑን ጠየቅሁት። የደሟን ውጤት ሰጠሁት፤ ክብደቷንና በስንት ሳምንቷ እንደተወለደች ደግሞ እንደሷ ካሉ ሕፃናት ገምቼ አስገባሁለት። ዘይቱንም ጨመርኩለት። የማውቀውን ሁሉ ጨመርኩለት። መልሱ ወዲያው መጣ። አላመነታም። ያኔ ቅቡን ሲመርጥልንም አላመነታም ነበር። ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ደጋግሜ እየዳሰስኩት ነው። ያልጠየቅሁት ነገር ምን እንዳለ አላውቅም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ለትንሿ እኔ እነግራታለሁ። ከመንገሬ በፊት ግን ስም አላወጣም። ሰው ስም ያወጣላትን ልጅ አቅፎ እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም። እስክደርስ በጥገናው ሰበብ አቆዪልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 3

ወንድሜ፣

ከሄድክ ወዲህ ዝም ማለቴ ተቀይሜህ አይደለም። ምን ልበልህ? የጻፍክልኝ ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሹፌሩ አሁን ሌላ ዕቃ ነው የሚያመላልሰው፤ በእኛ በኩል ሲያልፍ ግን ይቆምልኛል።

መጥተህ ለትንሿ በነገርካት ቀን በኮሪደሩ የተባባላችሁትን ብዙውን አልሰማሁም፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር የቆምኩት። የሰማሁት የሷን ጥያቄ ብቻ ነው። «አይጦቹን ባየህ ጊዜ ልጄ ተወልዳ ነበር?» አለችህ። አንተም «አልተወለደችም» አልካት። ልትዋሽ ትችል ነበር፤ አልዋሸህም። ይህን እኔ አልረሳልህም። እሷም አትረሳብህም። ከዚያ ትንሿ በአጠገቤ አልፋ ገብታ ልጅቷን አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔንም እስከ ዛሬ የምታናግረኝ ስለ ሥራ ብቻ ነው፤ «ወተቱ ሞቋል?» «ዳይፐር አለ?»

መድኃኒቱ እንዴት እንደተሰጠ በሁለቱም ደብዳቤ ጠይቀኸኛል። ሽማግሌው ዶክተር ቁጥርህን አየና ወረቀቱን ገለበጠው። «ማሽንህ ይህችን ልጅ አይቷታል?» አለኝ፤ አንተ የቆምክ ይመስል። ከዚያ በግማሹ ጀመረ። ሽንቷን እየለካ፣ ኩላሊቷን እየተከታተለ ቀስ እያለ ጨመረ። በመጨረሻ የቆመው ማሽኑ ካለው ብዙም ሳይርቅ ነው። ይህ የሚያጽናናህ ይሁን የሚያስጨንቅህ አላውቅም። እኔን አስጨንቆኛል።

ብረቱ ከደሟ ወጥቷል። ከደም ሲወጣ ከየት ከየት እንዳልወጣ ግን የሚለካ መሣሪያ እዚህ የለም። እያደገች ነው። ትጠባለች። በር ሲዘጋ ትደነግጣለች፤ ይህ ጥሩ ነው ተብሏል። ፊት ግን አትከተልም። ትንሿ አጎንብሳ ስታጫውታት ልጅቷ በትከሻዋ ላይ አልፋ የሆነ ነገር ታያለች። ከሷ ጋር የነበሩት ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ አንዳንዱ የተሻለ፣ አንዳንዱ የከፋ። ዶክተሩ «ጊዜ እንስጣቸው» ይላል። ይህን የሚለው ሌላ የሚለው ሲያጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሩቅ ከተማ አንዲት ነርስ እኔን ፍለጋ መጣች። በእኔ ዕድሜ ናት፣ በእኔ ሥራ ናት፤ እጇ እንደ እጄ በማጠቢያ ተልጧል። ጋዜጣ ይዛለች። የአለቃህ ጉባኤ ንግግር ነው፤ «አንድም ሕፃን አልሞተም» የሚለው በትልቁ ተጽፏል። ሻይ ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ዘይቱን፣ አይጦቹን፣ የእህቴን ልጅ። አልቅሳ ጨረሰች። አፍንጫዋን ጠርጋ፣

«ዘይቱን ብንተወውስ?» አለችኝ።

«ላባቸው አለ፣ ሽንታቸው አለ፣ ወተት ይፈስባቸዋል። እኔ እንጃ፤ ማንም አያውቅም» አልኳት።

«እኔ ጋ በዚህ ወር የተረፈው ምን ያህል እንደሆነ ግን እኔ አውቃለሁ» አለችኝና ጋዜጣዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የአለቃህን ስልክ ጠየቀችኝ። አልሰጠኋትም። ስትወጣ ልብስ አጣቢዎቹን ስትጠይቅ አየኋት። ይህን የምጽፍልህ ከዚያ ለሚመጣው ነገር እንድትዘጋጅ ነው። ስልኳን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ፤ ደውልላት፤ እኔን አልሰማችኝም፤ አንተን ምናልባት ትሰማህ ይሆናል።

እማዬ ደህና ናት። አንተን ስታነሳ ግን ትንሿ አለመኖሯን ዞር ብላ አይታ ነው።

ሌላው፣ ልጅቷ ስም ወጥቶላታል። ትንሿ ራሷ አወጣችላት። ቆንጆ ስም ነው፤ እማዬ በቤቱ ውስጥ ስትጠራት ጎረቤት ይሰማል። ለአንተ እንዳልጽፍልህ ግን አስምላኛለች።

እህትህ